ሐዋሳ ላይ አብሮ ዝም ማለት፦ እምነታቸው ለተለያየ ጎረቤቶች የሚሆን መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከፊት ያለው ቤት ሌሊት ተነስቶ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ከጎን ለሱብሂ ሰላት ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች የቧንቧ ውሃ ይሰማል። ከኋላ ያሉት ጴንጤዎች ደግሞ ገና ሳይነጋ ይዘምራሉ። ሦስቱም ቤት ፍቅር የሆነውን አምላክ ነው የሚጠሩት። ቡና ላይ ሲገናኙ ግን ወሬው ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ባጃጅ ታሪፍ ነው። የእምነት ነገር ከተነሳ ወይ ክርክር ይሆናል፣ ወይ ሁሉም ጨዋ ይሆንና ርዕስ ይቀየራል።

እዚህ የማስረዳው ሌላ መንገድ ነው። ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን እምነት እንደያዙ አብረው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ትንሽ ያወራሉ። ከዚያ አንዱ ለአንዱ ይደርሳል። ጸሎት መደባለቅ የለም። እኔ «ሁሉም ያው ነው» የሚለውን አባባል አልወደውም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጎረቤትን እምነት ጠጋ ብሎ ላለማየት ነው። ልዩነቱ አለ፣ ትልቅም ነው፣ ይኑር።

1. መጀመሪያ ብቻችሁን ተለማመዱ

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጥቂት ሳምንታት በየቀኑ አስር ደቂቃ ብቻችሁን ዝም በሉ። አዲስ ዘዴ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ሁሉም ቤት የራሱ አለው። ኦርቶዶክሱ ሱባኤና አርምሞ አለው። በቀን ሰባት የጸሎት ሰዓት አለው። መቁጠሪያ ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይላል። ሙስሊሙ ከሰላት በኋላ ሱብሃነላህ 33፣ አልሃምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 ጊዜ እያለ ተስቢህ ያደርጋል። በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ደግሞ መስጊድ ገብቶ ኢዕቲካፍ የሚቀመጥ አለ። ፕሮቴስታንቱ የጥሞና ጊዜ አለው፤ በሩን ዘግቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ። ካቶሊኩም መቁጠሪያ አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጡ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ከራሳችሁ እምነት አንድ አጭር ቃል ውሰዱ፦ «እግዚኦ መሐረነ»፣ ወይም ከአላህ ስሞች አንዱን «ያ ወዱድ» (አፍቃሪው ሆይ)፣ ወይም «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የሚለውን። ከትንፋሻችሁ ጋር ቀስ እያላችሁ በልባችሁ በሉት። ሐሳብ ይመጣል፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ትናንት ያናደዳችሁ ሰው። አትታገሉት። ሐሳብ እንደወሰዳችሁ ስታውቁ ወደ ቃሉ ተመለሱ። በአስር ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ መመለስ ካስፈለገም ልምምዱ እሱው ነው።

ከባድ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዝምታ ሊጫነው ይችላል። እንዲያ ከሆነ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ተነሱ፣ ውጡና ተራመዱ። በግድ መቀመጥ ማንንም አይጠቅምም።

2. አባታችሁን፣ ፓስተራችሁን፣ ኡስታዛችሁን ጠይቁ

ይህን የሚዘሉ አሉ። አትዝለሉት። በኋላ ሰፈር ውስጥ «አዲስ ሃይማኖት ጀመሩ» ተብሎ ከሚወራ ቀድሞ ተጠይቆ ማለቅ ይሻላል። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር መጸለይ ይቻላል?» ካላችሁ መልሱ «አይቻልም» ሊሆን ይችላል፤ የጠየቃችሁትም ያንን አልነበረም። እንዲህ በሉ፦ «ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ በልቤ የራሴን ጸሎት ብጸልይ፣ በጸሎቴም ለጎረቤቴ ጤናና ሰላም ብለምን ችግር አለው?» ጥያቄው ሲጠብ መልሱም ግልጽ ይሆናል። «አይሆንም» ከተባላችሁ አክብሩት። ሻይ መጠጣትና የታመመ መጠየቅ ይቀራል፤ ያም ትንሽ አይደለም።

3. ማንን እንጥራ?

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ቢቻል ከየእምነቱ ሁለት ሁለት ይሁኑ። ብቻውን የመጣ ሰው ሳያውቀው ተወካይ ይሆናል። አንዲት ሙስሊም ብቻዋን በአምስት ክርስቲያኖች መካከል ስትቀመጥ ስለ ዓለም ሙስሊም ሁሉ መልስ እንድትሰጥ ይጠበቅባታል። ሁለት ሲሆኑ ቢያንስ እርስ በእርስ ይተያዩና ፈገግ ይላሉ።

በዕድርና በለቅሶ ቤት የምታውቋቸውን ቅድሚያ ስጡ። አብረው ድንኳን ተክለው፣ አግዳሚ ተሸክመው፣ ለቀስተኛ ውሃ ያቀረቡ ሰዎች ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ክርክር የሚወድ ሰው ለጊዜው ይቆይ። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን ዝምታን እንደ ተራ መጠበቂያ ነው የሚያየው።

አንድ ምክር ልጨምር፦ በቤተሰብ አትጀምሩ። ሐዋሳ ውስጥ እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ጴንጤ፣ አማች ሙስሊም የሆነበት ቤት ብርቅ አይደለም። እምነት ቀይሮ ከቤተሰቡ የተኳረፈ ሰው ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ጎረቤት ይቀላል። ቤተሰብ በኋላ ይደርሳል።

አጠራሩም ሰውን ይመስላል። በዕድሜ ከፍ ያሉ ሴት ጋ ሄዳችሁ «የሃይማኖቶች ውይይት አዘጋጅተናል» ካላችሁ የኮሚቴ ስብሰባ ይመስላቸዋል። እንዲህ ይሻላል፦

«እትዬ፣ ቅዳሜ አስር ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ጋ ይምጡ። ትንሽ ዝም ብለን እንቀመጥና ሻይ እንጠጣለን። ሁሉም በልቡ የራሱን ይጸልያል።»

«ማነው የሚያስተምረው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ቤቴ ዝም ብዬ አልቀመጥም እንዴ?»

«ቤትዎ ልጆቹ ያስቀምጡዎታል?»

ይስቃሉ። ይመጣሉ።

4. ቀንና ሰዓት

ይህ ላይ ጊዜ አጥፉ። ዓርብ ቀን ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴና አምልኮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ኦርቶዶክሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሙስሊሞች አሉ። አድቬንቲስት ካለ ከዓርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መግቢያ ሰንበቱ ነው፤ ሥራ አይሠራም፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ደስ ይለዋል።

እኔ የምመርጠው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሰዓት ተኩል እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሙስሊሞቹ ዐስርን ሰግደው ይመጣሉ፣ ለመግሪብ ደግሞ ጊዜ ይተርፋቸዋል። የሰርግ ወራት ላይ ቅዳሜ ይዘጋጋል፤ ያኔ ቀን ቀይሩ። በረመዳን ሰዓቱን ወደ ጠዋት አምጡት፤ ከሰዓት ቤቱ ሁሉ ለኢፍጣር ይሯሯጣል። በዐቢይ ጾምም፣ 55 ቀን ስለሆነ፣ ኦርቶዶክሶቹ ቢደክሙ አትገረሙ።

በሳምንት አንዴ ከበዛ በሁለት ሳምንት አንዴ ይሁን። አንድ ሰው በተደጋጋሚ ከቀረ ስልክ ደውሉ፤ «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «ደህና ነህ?» ብላችሁ።

5. ቦታ

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይሁን። የቤት በረንዳ ወይም ሳሎን ይሻላል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ወይም የካዕባ ፎቶ ካለ አታውርዱት። የሰው ቤት ነው። እንግዳው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ይምረጥ፣ በቃ።

ሰው «ሐይቅ እያለን ለምን ቤት?» ይላል። እውነት ነው፣ ሐይቁ ያምራል። ግን የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ አጥማጁ፣ ገዢው፣ የዓሣ ሾርባ ጠጪውና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንድ ላይ የሚጋፉበት ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ቅዳሜ ከሰዓት ከተቀመጣችሁ ደግሞ በየደቂቃው «ፎቶ ላንሳችሁ?» የሚል ይመጣል። ሐይቁን ከፈለጋችሁ በሥራ ቀን፣ ማለዳ፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ብላችሁ ሂዱ። ሲመሽ ቢንቢ ይበላችኋል። ጉማሬም አለ፤ ሳር የበዛበት ዳርቻ ላይ አትቀመጡ።

መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ካለ ታቦር ተራራን በዝምታ ውጡ። ከታች ስትነሱ ወሬ ይቁም፣ አናት ላይ ስትደርሱ ይጀመር። በጠዋት፣ አንድ ላይ፣ በየአቅማችሁ። ሐይቁንና ከተማዋን ከላይ ስታዩ የየትኛው ቤት ጣሪያ የማን እንደሆነ አይለይም።

ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው። ቂብላ ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ። ኦርቶዶክስ ወደ ምሥራቅ ይጸልያል። ስለዚህ ሐይቅ ዳር የቆመ ሙስሊም ሐይቁን በግራው ያደርገዋል፣ ኦርቶዶክሱ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ሐይቁን እያየ ይቀመጣል። ወንበሩን በክብ ደርድራችሁ «ሁላችሁም ወደ መሀል ዙሩ» አትበሉ። መሀል ላይ ሻማም አታብሩ። ሁሉም ወደ መሰለው ይዙር። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ መቀመጥ ከፈለጉም እንደዚያው።

6. ዝምታው ራሱ

አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ። ደወል አያስፈልግም፣ ቤተ ክርስቲያንን የሚያስታውሰው ሰው አለ። የቡና ስኒ በማንኪያ አንዴ መታ ማድረግ ይበቃል። የመክፈቻ ጸሎት በጋራ አይደረግም። አንዱ ያማትባል፣ አንዷ ቢስሚላህ ትላለች፣ ሌላው ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ዝም።

መጀመሪያ ቀን ከአምስት ደቂቃ አትለፉ። በሳምንታት ውስጥ ወደ ሃያ አድርሱት። ከሃያ በላይ እኔ አልመክርም፤ ሰው የጉልበቱን ሕመም ማዳመጥ ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ የሆድ ጩኸት ይሰማል። የሆነ ሰው ያስላል። አንዱ ሳቁ ይመጣና ይታገለዋል። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይገባል። ቀስ በቀስ ክፍሉ ይረጋጋል። መሀል ላይ አዛን ቢሰማ ወይም የቤተ ክርስቲያን ማይክ ቢከፈት አታቋርጡ፣ አትሸማቀቁም። ለአንዱ የራሱ ጥሪ ነው፣ ለሌላው የጎረቤቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለዚህ አስቀሩ። ሰዓት ያዡ ስኒውን ቀስ ብሎ አንዴ ይነካዋል። ያኔ እያንዳንዱ ሰው በቀኙ የተቀመጠውን ሰው በስሙ ወደ ራሱ ጸሎት ያስገባል። ድምፅ የለም። በራሱ ቋንቋ፣ ለራሱ አምላክ፣ በራሱ ሥርዓት።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ እሱ ከሌለ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ለጎረቤታችሁ እሷ ራሷ የምትለምነውን ለምኑላት። ስኳር በሽታ ካለባት ስለ ስኳሯ። ልጇ ዓረብ ሀገር ከሆነች ስለ ልጇ። ዕዳ ካለባት ስለ ዕዳዋ። «ወደኔ እምነት አምጣት» የሚለውን ጸሎት ማንም አይከለክላችሁም፣ ቤታችሁ ጸልዩት። በእነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ግን የሷን ልመና ተበደሩ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ትሆናላችሁ፣ ምን እንደምትለምን አታውቁማ። አሥር ዓመት አጥር ተጋርታችሁ የሷን ጭንቀት አለማወቃችሁ ያኔ ይገባችኋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ትጠይቃላችሁ። «እናትዎ እንዴት ሆኑ?» ማለት ይጀመራል። እኔ ካየሁት ውስጥ ፍቅር በትክክል የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በሳምንት አንዴ ስሙን በጸሎት የጠራችሁትን ሰው ባጃጅ ላይ ለመቅደም መግፋት ያሳፍራል።

በየጊዜው ቦታ ተቀያየሩ፣ በቀኝ ያለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳይሆን።

7. ንግግሩ

ስኒው ሲመታ ወዲያው አታውሩ። ሰው እግሩን ያፍታታ። ከዚያ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ መናገር ያልፈለገ «ልለፍ» ይላል። ጥያቄው የአስተምህሮ አይሁን። «በዚህ ሳምንት ማን ደግ ዋለልህ?»፣ «ልጅ እያለሽ መጸለይ ያስተማረሽ ማነው?»፣ «ይቅር ለማለት የከበደህ ምንድነው?» ዓይነት ይሁን። ሁለተኛዋ ጥያቄ በተለይ ታምራለች። አያት የሌለው ሃይማኖት የለም።

መልስ መስጠት፣ ማረም፣ «እኛ ጋ ግን…» ማለት ክልክል ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ አፊኒ የሚባል ባህል አለ፤ ጉዳይ ሲነሳ መስማት ይቀድማል፣ የሰማው ሰው የሰማውን ሳያብላላ ለፍርድ አይቸኩልም። ከዚያ መማር ነው። ከተማው ውስጥ ያደገ ወጣት ካላወቀው ከሽማግሌ ይጠይቅ።

ጥቂት ወራት ከቆያችሁና ከተላመዳችሁ በኋላ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ሁሉም የራሱን መጽሐፍ ራሱ ያንብብ። ክርስቲያን ቁርኣን ገልጦ ለሙስሊም አያስረዳ፣ ሙስሊምም ወንጌል ገልጦ ለክርስቲያን እንደዚያው። ለመነሻ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የደጉን ሳምራዊ ታሪክ፣ ከቁርኣን ደግሞ ሰዎች ይተዋወቁ ዘንድ በጎሳና በነገድ እንደተፈጠሩ የሚናገረውን 49፡13 እመክራለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. 138 የሙስሊም ምሁራን ለክርስቲያን መሪዎች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የጋራ መሠረት ብለው ያነሱት ሁለት ነገር ነበር፦ አምላክን መውደድና ባልንጀራን መውደድ። ለእኛ ደግሞ የቆየ ታሪክ አለን። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች አክሱም ሲደርሱ፣ በእስልምና ትውፊት መሠረት፣ በንጉሡ ፊት የተነበበው ስለ ማርያም የሚናገረው ሱራ ነው። ይህንን ያነበበ ቡድን ለአንድ ምሽት የሚበቃ ወሬ አያጣም።

8. ሻይና ቁርስ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሥጋ አይቅረብ። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፤ አስተናጋጁ ይሳቀቃል፣ እንግዳው ይሳቀቃል። ዓሣስ? ከእርዱ ጣጣ ነፃ ነው፤ ጾም ሲሆን ግን «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው የኦርቶዶክሶች ክርክር ይነሳል። ቅርፊት ያለው ዓሣ ብቻ ለሚበላ ሰው ደግሞ ቆሮሶ እንጂ አምባዛ አይሆንም። ለሌላ ቀን ይቆይ።

ቆሎ፣ የጾም ዳቦ፣ ሙዝ። ቡና ከተፈላ ዕጣኑ ይቅር፣ የማይመቸው ፕሮቴስታንት አለ። ቡናም ሻይም ለማይጠጣ አድቬንቲስት ዝንጅብል በሙቅ ውሃ አዘጋጁ። ለመግሪብ የሚቆይ ካለ ንጹሕ ጥግና ጆግ ውሃ ይዘጋጅለት።

9. ከዚያ ወጥቶ መድረስ

በወር አንዴ አንድ ነገር አብራችሁ ሥሩ፣ ትንሽ ይሁን። የታመመ ጠይቁ። የወለደች ጠይቁ፣ ገንፎ ይዛችሁ። ዕድሩ ውስጥ ቤቱ የሚያፈስባት አሮጊት ካለች ቆርቆሮውን ምቱላት። ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። «የሃይማኖት መቻቻል» የሚል ባነር አታሠሩ። መቻቻል ደስ የማይል ቃል ነው ለኔ፤ የሚቻለው የጥርስ ሕመም ነው።

በዓል ሲመጣ ሂዱ። ለፋሲካ ሙስሊም ጎረቤቱን የጠራ ሰው ቀደም ብሎ ዶሮ ወይም ጠቦት ይሰጠዋል፣ እሱ ያርዳል፣ ለብቻው ድስት ይሠራል። ለዒድም በተራው እንደዚያው። ይህን የሚያውቅ እናት በየሰፈሩ አለች፣ ከሷ ጠይቁ።

ሲበላሽ

አንዱ መስበክ ከጀመረ ሰዓት ያዡ ስኒውን ይምታ። ሁለተኛ ከደገመ ለብቻው ጠርታችሁ አናግሩት፣ በሰው ፊት አታሳፍሩት። እንቅልፍ የወሰደውን ተዉት፤ ካንኮራፋ ብቻ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት።

ሀገር ውስጥ ወይም ሰፈር ውስጥ በሃይማኖት የተነሳ ጠብ የተሰማበት ሳምንት ከባድ ነው። «በዚህ ሳምንት እንቅር» የሚል ይመጣል። እኔ አትቅሩ እላለሁ። ንግግሩን ሰርዙት፣ ዝምታውን አሳጥሩት፣ ሻይ ጠጡና ተለያዩ። ዜናውን በዚያ ቀን አትተንትኑት። ያዘነ ሰው ካለ ያልቅስ።

ሰው ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ስምንት ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፣ ቢቻል ከየእምነቱ ሁለት ሁለት እንዲቀር አድርጋችሁ። አንዱ ቡድን ታቦር ሰፈር፣ ሌላው ሐይቅ ዳር ይሁን። ስኒና ማንኪያ የሌለው ቤት የለምና ለአዲሱ ቡድን የሚገዛ ዕቃ የለም።